ከሶፋ ሆድ የተወለደችው ቁራጭ

ለምወድሽ፣ ለምሳሳልሽ፣ ከእናቴ እኩል ለማይሽ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል ያልሽኝ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደብቀሽኝ ነው? የእማዬስ ዓይን? አባዬ አሁንም ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ እያንኮራፋ “አልተኛሁም” ይላል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ናፍቆቱ ግን እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ሥራ ላይ ስሆን ተሸፋፍኖ ይውልና ጋደም ስል ይነሳብኛል።

ድምፄ የጠፋብሽ ታምሜ ወይም ጨክኜ እንዳይመስልሽ። አራስ ሳርስ ነው የከረምኩት። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው።

በምሠራበት ሶፋ ቤት አንዲት ድመት አለች። ከሁሉ የተመቸውን ወንበር መርጣ ስለምትተኛ “እመቤት” ብለናታል። አንድ ቀን ጨርቁ ሊቀየርለት የመጣ ትልቅ አሮጌ ሶፋ በጎኑ አጋድመን የሥሩን ጨርቅ ስንገፈው፣ እመቤት በሞላዎቹ መካከል ከነልጆቿ ተጋድማ አገኘናት። ሰባት ወልዳለች! አሠሪዬ ጥሩ ሰው ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። “ሰው አንድ ማሳደግ አቅቶታል፣ ይቺ ጦር ልታቋቁም ነው እንዴ?” አለ። ስድስቱ ወፈር ወፈር ያሉ ናቸው። ሰባተኛዋ ግን ከአውራ ጣቴ ብትበልጥ በጥቂት ነው፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ። አሠሪዬ አየት አደረጋትና “ይቺ ደግሞ ከጣቃው የተረፈች ቁራጭ ናት” አለ። ስሟ በዚያው ጸና።

ካርቶን ውስጥ ስፖንጅ አንጥፈን ከነእናታቸው አዛወርናቸው። እመቤት ክፉ እናት አይደለችም፤ ሰባት አፍ ግን ቀላል አይደለም። ስድስቱ ተሻምተው ጡቱን ሲይዙ ቁራጭ ከኋላ ትንጠራራለች። አንዱ በእግሩ ደረቷን ይላታል፣ ትንከባለላለች፣ ደግሞ ተነስታ ትመጣለች። እኔ ስፖንጅ እየቆረጥኩ ዓይኔ እዚያው ነው። አሠሪዬ አይቶኝ “ተዋት፣ የምትበረክት አይደለችም፤ አትልመዳት” አለኝ። ለኔ አዝኖ ነው። ምን ያደርጋል፣ ለምጃታለሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ እኔ ባልኖር የሚጎዳ ነገር ኖሮኝ አያውቅም ነበር።

ሙያዬ ጉድ የሠራኝ እዚህ ላይ ነው። የሚገፏትን ገለል አድርጌ ጡቱ ላይ ላስጠጋት ብዬ በሥራ መሃል ብድግ አደረግኋት። ለካ እጄ ማስቲሽ በማስቲሽ ሆኗል። ስፖንጅ የምናጣብቅበት ይሄ ማስቲሽ ለሌላው ሰው ራስ ያዞራል፤ እኛን ስለለመድነው አይሸተንም። እመቤት አሸተተቻት፣ ጥርሷን አሳየቻት፣ በመዳፏም ገፋቻት። የገዛ ልጇን አላወቀቻትም! ደግ ልሥራ ብዬ እናቷን ነጠቅኋት።

ከሰዓት በኋላ ቁራጭ ቀዘቀዘች። ድምጿ ጠፋ፤ አፏን ብነካው አትከፍትም። ወተት ላጠጣት ስታገል ሽፋን የምትሰፋልን ሴትዮ፣ ከማንም ጋር የማታወራዋ ኮስታራ፣ የስፌት መኪናዋን አቁማ መጣች። “አንተ ልጅ፣ ልትገድላት ነው? የበረዳት ልጅ ሆዷ ወተት አይፈጭም። መጀመሪያ አሙቃት!” ብላ ጮኸችብኝ። እጄን በሳሙና ፈትጌ ሸሚዜ ውስጥ፣ ገላዬ ላይ ሸጎጥኳት። አሠሪዬ መቀሴን ተቀበለኝና በአገጩ ወደ በሩ አመለከተኝ። እንስሳት ሐኪም ጋ ሄድኩ።

ታዲያ መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት አንቺን ነው። ራሷ በሸሚዜ ቁልፎች መካከል ብቅ ስትል ያ ቡናማ ሹራብሽ ድቅን አለብኝ። ከዘጠኝ ልጅ መጨረሻ፣ ያውም እፍኝ ጥሬ የምታህል ነበርክ እያላችሁኝ ነው ያደግሁት። እማዬ የቱን ትያዝ፣ የቱን ትጣል? አንቺ ራስሽ ገና ልጅ ሆነሽ ሹራብሽ ውስጥ ከትተሽኝ፣ ቁልፉን ዘግተሽ፣ ጭንቅላቴን ብቻ አውጥተሽ ውኃ ትቀጂ፣ ደጅ ትጠርጊ ነበር አሉ። ሰፈሩም “ባለ ሁለት ራሷ መጣች” እያለ ይስቅብሽ ነበር። ትሪ ሲቀርብ ደግሞ ክንድሽን እንደ አጥር ዘርግተሽ ለኔ አንድ ጥግ ታስከብሪ ነበር፤ እሱን ራሴም አስታውሰዋለሁ። የሹራብሽ ሽታ፣ ያ የሳሙናና የጭሱ፣ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ናፍቆኛል። ቤቱ ከነጫጫታው፣ ከነግፊያው ናፍቆኛል።

ሐኪሙ ለድመት ልጅ የሚሆን የዱቄት ወተትና መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጠኝ፤ እንደ ሰው ልጅ አንጋልዬ ሳይሆን በሆዷ አስተኝቼ እንዳጠጣትም አስጠነቀቀኝ። ስመለስ ሞቃ ነበር። አፏን ከፈተች። ኮስታራዋ ሴትዮ ደግሞ ወንድምና እህቶቿ የተኙበትን ጨርቅ አምጥታ ከራሷ እስከ ጭራዋ አሸቻትና ከመሃላቸው ወሸቀቻት። እመቤት መጥታ አሸተተች። ቆየች። ሦስታችንም ካርቶኑ ላይ አጎንብሰናል። ከዚያ ምላሷን አውጥታ ትልሳት ጀመር። ሴትዮዋ ወደ ስፌቷ እየተመለሰች “ሁለተኛ በዚያ እጅህ ብትነካት!” አለችኝ።

እናቷ ተቀበለቻት እንጂ ጡት የሚለቅላት አልነበረም። ስለዚህ ማጥባቱ የኔ ሥራ ሆነ። አጠባለሁ፣ ሆዷን በእርጥብ ጥጥ እያሸሁ አሸናለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና እንድታገሳም ጀርባዋን መታ መታ አደርጋለሁ። አሠሪዬ “የሶፋ ቤት መስሎኝ፣ ለካ ሆስፒታል ነው የከፈትኩት” እያለ ያሾፋል። የሶፋው ባለቤት ሥራው ዘገየብኝ ብሎ መጥቶ ሲቆጣ ግን “ጨርቁ አልደረሰልንም” ብሎ የሸኘው እሱ ነው። ከሁሉ ለስላሳውን የከፋይ ቁራጭም ካርቶኑ ውስጥ ያነጠፈው እሱ ነው፤ ማን እንዳነጠፈው ሲጠየቅ አላውቅም ይላል።

ዓይኗ ሰሞኑን ተከፈተ። ትናንት እንደ ወትሮዬ ወተቷን አሙቄ ሄድኩ። ፊቷን አዞረችብኝ። ደገምኩ፣ ሲሪንጁን በመዳፏ ገፋችው። ከዚያ እየተንገዳገደች ወደ እናቷ ሄደች፤ የእሷን እጥፍ በሚያህለው ወንድሟ ጀርባ ላይ ወጥታ፣ ራሷን በመሃል ሰክታ ጡት ያዘች። ማንም አላገዛትም። አሠሪዬ አጨበጨበ፣ እኔም በሳቅ ፈነዳሁ። ሳቄን ስጨርስ ግን የሞቀው ወተት እጄ ላይ ቀርቷል፤ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ደስ ብሎኛል፣ ደግሞም ከፍቶኛል፤ ሁለቱ እንዲህ ተያይዘው እንደሚመጡ አላውቅም ነበር።

እትዬ፣ ከቤት ስወጣ መናኸሪያ ድረስ የሸኘሽኝ አንቺ ነሽ። አውቶቡሱ ገና ሳይነሳ “በል፣ በደህና ግባ” ብለሽ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ሄድሽ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ስጠራሽ አልዞርሽም። ይሄ ነገር ስንት ጊዜ ቅር ሲለኝ እንደኖረ አትጠይቂኝ። ትናንት ነው የገባኝ።

እማዬን ሁለቱንም ዓይኖቿን ሳሚልኝ። አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝና ሬዲዮኑን ሲተኛ ዝጊለት። ታላቅ ወንድማችንን፣ ጠበቃውን፣ ክርክሩ እንደናፈቀኝ ንገሪው፤ ጥርሷ የወለቀውን ልጁንም ጉንጯን ቆንጥጪልኝ። “ይሄ ልጅ አያድግም” ትል የነበረችው ባለ ሱቋ ጎረቤታችን ደግሞ የክፍሌ በር እንደሚያስጎነብሰኝ ትስማ።

አንቺን ግን በምን ቃል ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፤ ያን ቀን ከመናኸሪያ ብቻሽን ስትመለሺ ማን አጽናናሽ?

ያሳደግሽኝ ታናሽሽ

ከሶፋ ቤቱ ጓሮ፣ ከክፍሌ
እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን