በርጩማውን አቃጥዪው

ኦርሾያ፣

ወደ ቤታችን ስትመለሺ በጓሮ በር ግቢ። ደጃፉ ላይ ያለው ደም ገና አልደረቀም፣ ያዳልጣል።

የላክሽብኝ ሰዎች ገመድ ይዘው መጥተው ነበር። አንዱ የውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሆነ ውሃ ከጎረቤት ቅጂ። ፀጉሬን የጎተተውን ብረት ቀጥቃጭ ጣቶቹን ሰብሬበታለሁ፣ ግን አይሞትም። አንደኛው አመለጠ። ሌሎች ይዞ ሳይመለስ ልሂድ።

ገና አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቅድስት ሉቺያ ቀን ጀምሮ ተደብቀሽ በርጩማ ስትጠርቢ አውቅ ነበር። በገና ቅዳሴ እሱ ላይ የቆመ ጠንቋዮቹን ከነቀንዳቸው ያያል፤ አንቺም ቆመሽበት ወደ እኔ ዞረሽ ፊትሽ አመድ መሰለ። ቀንዴ አምሮብኝ ነበር?

አምና በትኩሳት ስትቃጠዪ ማን ያዳነሽ መሰለሽ? እኔን ሳትጠይቂ ሰው ትልኪብኛለሽ?

በርጩማውን ዛሬውኑ አቃጥዪው። ካላቃጠልሽው ያየሻቸው ሌሎቹ ጠንቋዮች ይመጡብሻል፣ እነሱ ደግሞ እንደ እኔ አይታገሡሽም።

ከቅዳሴው ስትሸሺ ከኋላሽ የበተንሽው ደቃቅ የፖፒ አበባ ፍሬ ማሰሮው ውስጥ አለ። ጠንቋይ አንድ በአንድ ሳይለቅም አያልፍም ብለሽ ነበር። እውነትሽን ነው፣ ለቀምኩት።

ለቅሜ ጨርሼም ደረስኩብሽ። የበሩ ቁልፍ አልገባ ሲልሽ፣ ከጀርባሽ ቆሜ ነበር።

ዶርካ