በክብሪት ቀፎ ውስጥ የተገኘው ቅጠል

ጥቅምት 3
ልብስ አጠብኩ። ሳሉ ተመለሰብኝ። የልጄ አባት «ሐኪም እዪ» አለኝ። ልጄ ቢኖር ያንን ቅጠል ያፈላልኝ ነበር። የመብራት ሠራተኛ ነበር፣ ምሰሶ ላይ የሚወጣ። መኪና ገጭቶ ከነጠቀኝ ሰባት ወሩ። ከሥራ ሲገባ ኪሱ ውስጥ ቅጠል አይጠፋም ነበር።
«ምንድን ነው?»
«ዝም ብለሽ ጠጪ እማዬ። መርዝ ቢሆን ለአባዬ ነበር የማስቀምሰው።»
ስቄ ጠጣሁ። ስሙን አልጠየቅኩም። እንዴት አልጠየቅኩም?

ጥቅምት 5
የሥራ ቦርሳውን ከፈትኩ። ፒንሳ፣ ጓንት፣ የክብሪት ቀፎ። ቀፎው ውስጥ አንዲት ደረቅ ዘለላ… አሸተትኩ። ራሱ ነው! የት ይሆን የሚበቅለው?

ጥቅምት 9
ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት የእርሻ መምህር፣ በማጉያ መነጽር አዩልኝ።
«ግንዱን በጣትሽ አንከባልዪው።»
አልንከባለል አለኝ። ለካ አራት ማዕዘን ነው! ቅጠሎቹም ጥንድ ጥንድ፣ ፊት ለፊት።
«የዱር ጦስኝ ይመስላል። አበባውን ሳላይ ግን አልምልም። ካላወቅሽው አትጠጪ። ፀሐይ ያለበት ደረቅ መሬት ፈልጊ።»

ጥቅምት 14
ከቤታችን በላይ ካለው አቀበት አንድ ጭብጥ ለቅሜ መጣሁ። ደስ ብሎኝ! ሽታው ያው ነበር።
መምህሩ አሸተቱ። «የምን ሽታ? አረም እኮ ነው! ግንዱ ድቡልቡል።»
ሲገባኝ… ጠዋት ቀፎውን ስነካካ ነበር። ያሸተትኩት የገዛ እጄን ነው። ሳቅኩ። ሳቄ ራሱ አስደነገጠኝ።

ጥቅምት 20፣ ዓርብ
የልጄ የሥራ ባልደረባ ሊጠይቀን መጣ። ከቁመቱ የተነሳ «መሰላል» ይሉታል። ቀፎውን አሳየሁት።
«እንዴ! የእማዬ ሳል!»
«ምን አልክ?»
«እኛ እንደዚያ ነው የምንለው፣ እማማ። ከመብራት ሽቦው ሥር ቁጥቋጦ ስንመነጥር ልጅዎ እሷን አያስነካንም ነበር። ‹የእማዬ ሳል ናት፣ ዞራችሁ እለፉ› ይለናል። የያኔው አለቃችንም ይዞር ነበር።»
ስሙን ስፈልግ የከረምኩት… በእኔ ነው የሚጠሩት?
«አሁንም አለች?»
አቀረቀረ። «ማክሰኞ እንመነጥራለን። አለቃው አዲስ ነው።»

ጥቅምት 24፣ ማክሰኞ
እጄን በሳሙና ሁለቴ ታጥቤ ሄድኩ። ዛሬስ አልታለልም! መሰላል እንደነገረኝ ሰባተኛው ምሰሶ ሥር ነች። ከሽቦው በታች ዛፍ ስለማይተዉ ፀሐይ እንደልቧ ታገኛለች። ለካ ለዚህ ነው። ሐምራዊ አበባ፣ ንብ በንብ። ግንዱን አንከባለልኩት። እምቢ አለ። አሸተትኩ… ልጄ ከሥራ የገባ መሰለኝ።
አለቃው መጣ። «ይነሱልን እማማ። ሁሉም ይመንጠር ተብሏል።»
«ቁርጭምጭሚትህ ጋ አትደርስም! ሽቦህን መቼ ልትነካ ነው?»
ሠራተኞቹ ሳቁ። መሰላል ግን አልሳቀም። «የእማዬ ሳል ናት፣ አለቃ» አለው። «እማዬም እሳቸው ናቸው።»
አለቃው እኔን አየ፣ መሬቱን አየ። ዞሮ አለፈ።
ሥሯን ሳልነካ ከላይ ከላይ ቆረጥኩ።

ጥቅምት 29
መምህሩ አበባዋን አይተው ማሉ፤ ጦስኝ ናት። ጠጣሁ። ለአባቱም ሰጠሁት። «መርዝ ቢሆን…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሲኒውን ግን ጨረሰ።

ኅዳር 6
መሰላል መጣ። አለቃው ሳል ይዞት «ከእሷ ነገር ለምንልኝ» ብሎ ልኮታል። አፈላሉን ነገርኩት፣ ቀፎውን ሞልቼ ሰጠሁት።
ደጅ ሲደርስ ጠራሁት። «ቀፎዋን መልስልኝ፣ እሺ? ሲያልቅበት እሞላለታለሁ።»