በረዶውን የት አደረሱት?

አራዳ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ፊልሞን፣

እንደምን ከርመሃል? ቁርጭምጭሚትህስ እንዴት ነው? የባለፈውን ሳምንት ጨዋታ በቴሌቪዥን አየሁት። ስድሳኛው ደቂቃ አካባቢ ስትዞር ክብደትህን በግራ እግርህ ላይ አልጣልክም። ተንታኙ «ብልጠት» አለው። እኔ ደግሞ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ «ኧረ አሞት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። የሚሰማኝ ሰው አልነበረም፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ቴሌቪዥኑ ብቻ ነን።

ደብዳቤ ጽፌ ዛሬውኑ ለካምፑ ዘበኛ የማደርስልህ ስልኬን ስለማታነሳ ነው። «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ መቀበል አይችሉም» ከምትለዋ ልጅ ጋር እንኳ ተላምደናል፤ ትንሽ ብንቆይ ስለ ጤንነቴ ሳትጠይቀኝ አትቀርም። አንተ ግን ከቡድኑ ጋር ካምፕ ከገባህ ወዲህ ድምፅህን አጥፍተሃል። ከአፍንጮ በር የተመለስን ዕለት ፊቴን አይተህ የሆነ ነገር የገባህ ይመስለኛል።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ነገ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ በናዝራዊት ጉዳይ የማውቀውን ሁሉ እናገራለሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔው ከአጽብሐ ስማው ብዬ ነው። ሰኞ ከውጭው ክለብ ጋር እንደምትፈራረም አውቃለሁ። ከወንጀል ነጻ መሆንህን የሚያሳይ ወረቀት እንደሚጠብቁም አውቃለሁ። ሽማግሌው ሳይገባው ነው ያደረገው ብለህ ለሰው እንዳትከራከርልኝ።

መጀመሪያ የተገናኘንበትን ቀን ታስታውሳለህ? አሥራ ሦስት ዓመትህ ነበር። እናትህ ጥሩነሽ ግቢያችንን አቋርጣ በሬን በርግዳ ገባች፤ በአንድ እጇ አንተን፣ በሌላው እጇ የአንድ እግር ጫማህን ይዛ። «አጽብሐ፣ ወጌሻ ነኝ አይደል የምትለው? በል እንካ! ወይ አድነው ወይ ቆርጠህ ጣለው፤ ኳስ ኳስ እያለ ሊገድለኝ ነው» አለችኝ። ቁርጭምጭሚትህ ብርቱካን አክሏል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩልህና «ሃያ ደቂቃ፤ ከዚያ ካለፈ ቆዳ ያቃጥላል» አልኩህ። የግድግዳ ሰዓቴን እያየህ ስትቆጥር ቆይተህ ልክ በሃያኛው ደቂቃ «ጋሼ፣ አለቀ!» አልክ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳህን የምትበላው እኔ ቤት ሆነ። ክለቡም ውስጥ እጅህን ይዤ ያስገባሁህ እኔ ነኝ። ልጅ አልወለድኩም፤ ብወልድም ኖሮ እንዳንተ የማሞላቅቀው አይመስለኝም።

ሠላሳ ሁለት ዓመት የሠራሁት ከጉልበት በታች ስለሆነ የሰው ፊት ማንበብ አልችልበትም። ባት ግን አይዋሸኝም። የደከመውን፣ የፈራውን፣ ጉዳቱን ደብቆ መሰለፍ የሚፈልገውን በጣቴ አውቀዋለሁ። አንተን ደግሞ ከሁሉም አብልጬ አውቅሃለሁ እያልኩ እኮራ ነበር።

ወደ ኅዳሩ ማክሰኞ ልመለስ። ልምምድ ላይ ያቺው ቁርጭምጭሚት ተጠመዘዘችብህና ቸርችል ጎዳና አጠገብ ባለው የክለቡ አሮጌ ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔ ክፍል ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩህ። የክለቡ ፎቶ አንሺ ናዝራዊት ካሜራዋን ይዛ መጣች። ደጋፊው እንዳይሰጋ «እያገገመ ነው» የሚል ፎቶ በክለቡ ገጽ ላይ ልታወጣ ነበር፤ ሥራዋ ነው። በረዶ አልቆብኛል። «ከታች ከጁስ ቤቱ በረዶ ይዤ መጣሁ። አንቺ ፎቶሽን አንሺ፤ እንዳይነሳብኝ ደግሞ ጠብቂልኝ» አልኳት። ጠብቂልኝ ነው ያልኳት። ሳቀችና «እሺ ጋሽ አጽብሐ፣ አስረዋለሁ» አለችኝ።

ስመለስ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። «ፊልሞን፣ ተው! በእናትህ፣ ክፈትልኝ!» ስትል ሰማኋት። ድምፁ የቀልድ አልነበረም። ይህን ያወቅኩት ያኔውኑ ነው፤ ቆይቶ ነው የገባኝ እያልኩ ለራሴ የነገርኩት ሁሉ ውሸት ነው። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ውስጡ ጸጥ አለ። ከዚያ አንተ፣ በዚያ ሁልጊዜ በሚያስቀኝ ድምፅህ፣ «ጋሼ፣ ልብስ እየቀየርኩ ነው፤ ትንሽ ቆይተው ይምጡ» አልክ።

እኔም ቆይቼ መጣሁ።

ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ደረጃውን ወረድኩና ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። በረዶው በፌስታል እንዳለ ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ማኪያቶውን አልቀመስኩትም። አስተናጋጇ መወልወያ ይዛ መጥታ «አባባ፣ የያዙት ነገር እየፈሰሰ ነው» ስትለኝ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሶ ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። ሰዓቴን አየሁ፤ ሃያ ደቂቃ ሆኖኛል። ስመለስ በሩ ክፍት ነው። አንተ ጠረጴዛው ላይ ተጋድመህ ስልክህን ትነካካለህ። ናዝራዊት የለችም። የካሜራዋ መክደኛ ጠረጴዛው ስር ወድቋል። አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። «በረዶውስ ጋሼ?» ብትለኝ «አጣሁ» አልኩህ። ምንም ሳልጠይቅህ እግርህን አሸሁልህ።

በሳምንቱ ናዝራዊት ለክለቡ አመለከተች፤ ቀጥላም ለፖሊስ። ደጋፊው ፌስቡክ ላይ ያላላት ነገር የለም። «ልጁ ሊያልፍለት ሲል ተነሳችበት» የሚለው ከሁሉም የተሻለው ነው። ቃሏ ላይ ግን «አንድ ሰው አንኳኩቶ ሄደ» የሚል ነበረበት፤ መርማሪዋም ክለቡ ድረስ መጥታ አንድ በአንድ ጠየቀችን። እኔ «በረዶ ፍለጋ ወጥቼ ነበር» አልኳት። ጻፈችው። መውጣቴን ነገርኳት፤ መመለሴን አልነገርኳትም።

ከዚያ አንተ እኔ ቤት መጥተህ ጉልበቴ ላይ ተደፋህ። «ጋሼ፣ ይሄ ፋይል ካልተዘጋ ውሉ ገደል ገባ። ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ፤ የእርስዎን ሽበት አይተው እምቢ አይሉም» አልከኝ። ጀርባህን እየደባበስኩ «አላደረግኩም» የምትለውን ቃል ጠበቅኩ። ስለ ውሉ ነገርከኝ፣ ስለ ቪዛው ነገርከኝ፣ ለእናትህ ስለምትሠራው ቤት ነገርከኝ። ያቺን ቃል ግን አላልካትም። እኔም እንዳትላት ፈርቼ ይሁን እንዳትዋሸኝ ፈርቼ፣ አልጠየቅኩህም።

ሦስት ሆነን አፍንጮ በር፣ ናዝራዊት ቤት ሄድን፤ የቡድን መሪያችን ገዛኸኝ፣ የንስሐ አባትህና እኔ። አንተ ታች መንገድ ላይ መኪናህ ውስጥ ቀረህ። የናዝራዊት እናት ወይዘሮ በለጠች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለችን። እንደ ወጉ አልተቀመጥንም። «የመጣንበት ጉዳይ ካልተፈጸመልን አንቀመጥም» አላት ገዛኸኝ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንዱ መስቀል የያዙ፣ ቤቷ መሃል ተገተርን። እሷ ታለቅሳለች፣ እኛ ቆመናል። «አባቶቼን እንዴት አድርጌ አቆማለሁ? ኧረ ተቀመጡልኝ!» ትላለች፣ እኛ ቆመናል። ሰውን ሳይነኩ እጁን መጠምዘዝ እንደሚቻል ያን ቀን አየሁ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆየን «እሺ፣ ይቅር ብያለሁ፤ ስለ እግዚአብሔር ተቀመጡ» አለች። ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም። የተበደለችው እሷ መሆኗ ከሦስታችን ለአንዳችን እንኳ ትዝ አላለንም።

ናዝራዊት የጓዳው በር ላይ ቆማ ታየን ነበር። በብርጭቆ ውሃ አመጣችልን። ለእኔ ስትሰጠኝ ጎንበስ ብላ፣ በዚያ በጨዋ ድምፅዋ፣ «ጋሽ አጽብሐ፣ ያን ዕለት በረዶውን የት አደረሱት?» አለችኝ።

ገዛኸኝ «የምን በረዶ ነው ደግሞ?» ብሎ ሳቀ። ቄሱ ልጅቷ ተረብሻለች ብለው አማተቡ። እኔ ግን ገባኝ። በሩን ያንኳኳው ማን እንደሆነ ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ ታውቃለች። በረዶ ይዤ መጣሁ ብያት ስለወጣሁ እየጠበቀችኝ ነበር። ኮቴዬ ወደ ደረጃው ሲርቅም ሰምታዋለች። እንዲያም ሆኖ ስሜን ለፖሊስ አልሰጠችም፤ ራሴ እንድናገር ጊዜ የሰጠችኝ ይመስለኛል። ውሃውን ሳልቀምስ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ከዚያ በእርቁ ወረቀት ላይ ከእናቷ ፊርማ ስር ፈረምኩ። አዎ፣ ፈረምኩ። ፋይሉም ምስክር አልተገኘም፣ ቤተሰብም ታርቋል ተብሎ ሊዘጋ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ስድስት ኪሎ፣ ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ አየኋት። ክለቡ ኮንትራትሽ አልታደሰም ብሎ እንዳሰናበታት ያኔ ነው የሰማሁት። የትምህርት ማስረጃዋን በብዛት እያስገለበጠች ነበር። ካሜራዋን አልያዘችም። መጥፋት ፈለግኩ፤ እሷ ግን ዞር ብላ መንገድ ለቀቀችልኝና «ደህና ዋሉ» አለችኝ። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። ሁላችንም ስንጨነቅ የከረምነው ስለ አንተ የወደፊት ሕይወት ነው። የእሷን የወደፊት ሕይወት አንድ ሰው ሲያነሳ አልሰማሁም።

አሁን ስለ ራሴ ልንገርህ፣ ለማን እነግራለሁ ሌላ? ግቢያችን ውስጥ ከነበሩት ስምንት ቤቶች የቀሩት የእናትህና የእኔ ናቸው። ሌላው ለመንገድ ሲፈርስ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። ጠዋት ጠዋት በግድግዳው በኩል «አጽብሐ፣ ኪኒንህን ዋጥክ?» የምትለኝ እናትህ ናት። «ሞቻለሁ» እላታለሁ። «እሰይ! ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ከሰው ጋር የማወራው ይህንኑ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ሻንጣ ልትገዛልህ መርካቶ እንደምትሄድ ነገረችኝና ቀለሙን አማከረችኝ። ጥቁር ይሁን አልኳት። ከነገ በኋላ ያ ግድግዳ ዝም ይላል። ገዛኸኝም ክለቡ ደጅ አያስደርሰኝም። ሞትን እንዲህ አልፈራሁትም ፊልሞን፤ ያንን ዝምታ ግን ፈርቼዋለሁ።

እወድሃለሁ። ይህን ቃል አንድ ቀን እንኳ ነግሬህ አላውቅም፤ በማሸት አልፌዋለሁ። በፍቅሬ ሰበብ ግን ልጅቷን ሁለት ጊዜ ጣልኳት፤ አንድ ጊዜ በሩ ላይ፣ አንድ ጊዜ ቤቷ ውስጥ። ያን ዕለት በሩን ገንጥዬ ብገባ ለእሷ እደርስላት ነበር። ለአንተም እንዲሁ።

ነገ ከሦስት ሰዓት በፊት ጣቢያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ብትመጣ አብረን እንገባለን፤ የሆነውን ራስህ ትናገራለህ። ባትመጣ ብቻዬን እገባለሁ። የእርቁ ወረቀት ላይ ያለው ፊርማዬ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ፤ የካሜራውንም መክደኛ ለመርማሪዋ እሰጣታለሁ። ከዚያ አፍንጮ በር ሄጄ ለናዝራዊት ስለ በረዶው መልስ መስጠት አለብኝ። ይቅር በይኝ አልላትም። ግቡ ካላለችኝ ደጇ ላይ ተገትሬ አላስጨንቃትም፤ ተናግሬ እመለሳለሁ።

ውሉ ሊቀር ይችላል። ኳሱም ራሱ ሊቀር ይችላል። ስትታሰር የሚጎበኝህ ደጋፊ ብዙ አይሆንም፤ ሰሃን ይዤ የምመላለሰው እኔ ነኝ። እናትህ ባታናግረኝም ምግብህን ደጇ ላይ ታስቀምጥልኛለች፣ አንስቼ አመጣልሃለሁ። «አላይህም» ብለህ ልትመልሰኝ ትችላለህ፤ መብትህ ነው። እስከዚያው ቁርጭምጭሚትህን በረዶ ያዝበት፤ ሃያ ደቂቃ ብቻ።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቅልኝ። ከእንግዲህ በር አንኳኩቼ «ጋሼ፣ ቆይተው ይምጡ» ብትለኝ፣ አልሄድም።

ወጌሻህ፣
አጽብሐ