ክፍልሽ ውስጥ ያደጉት ቃሪያዎች

ጅግጅጋ፣ የካቲት 2009 ዓ.ም.

ልጄ ሶሲና፣ የሰው አገር ብርድ አይድፈርሽ፤ እመቤቴ በምትሄጂበት ሁሉ ቀድማ ትጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ተሽሎኛል። የካራማራ ነፋስ ግን ሰሞኑን የጣራውን ቆርቆሮ ሊነቅለው ነው።

የላክሽልኝ የተክል ማሳደጊያ የኤልኢዲ መብራት በሰላም ደርሷል። ፍየሎቻችን ግቢው ውስጥ ምንም ስለማያስተርፉ፣ ቃሪያውን አንቺ ክፍል በወተት ጣሳ ዘርቼ ከመብራቱ ሥር አሳደግሁት። ክፍልሽ ሐምራዊ ሆኖ ሲያበራ ጎረቤታችን ሆዳን «ፎቶ ቤት ከፈትሽ እንዴ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ነፋስ እንዳይነካቸው መስኮት እንኳ አልከፍትም። እንዴት አምረው እንደነበር ብታዪ!

ማክሰኞ ጠዋት፣ አሁንስ ደርሰዋል ብዬ ፍየሎቹን አሰርኩና ሁሉንም አውጥቼ ግቢው መሀል ደረደርኳቸው። ከገበያ ስመለስ ቅጠላቸው ነጭ እስኪሆን ተቃጥሎ ጠበቀኝ። ሆዳን መጥታ አየችና፣ «አቦ ቀለሜ፣ ቤት ውስጥ ያደገ እኮ በአንዴ ፀሐይ ላይ አይወጣም! መጀመሪያ ጥላ ሥር፣ ቀስ በቀስ ነው የሚለምደው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳስብ የማድረው አንቺን ነው። አንቺን ብቻሽን ሱቅ እንኳ ሳልልክ አሳድጌ፣ በአንድ ቀን ነው አውሮፕላን ላይ ያወጣሁሽ። በስልክ «ደህና ነኝ» ትይኛለሽ፤ ድምፅሽ ግን ቀጥኗል።

ሦስቱ ችግኞች ከግንዳቸው እንደገና እያቆጠቆጡ ነው፤ አሁን ጥላ ሥር አድርጌያቸዋለሁ። ልጄ፣ አምላክ ደግ ሰው ያስጠጋሽ፣ ያሰብሽውን ያሳካልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ የሚያቃጥልሽ ነገር ካለ አትደብቂኝ።

እናትሽ ቀለመወርቅ