ከግንዱ ማዶ

ይድረስ ለእታለሜ፣ ዛንዚባር።

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ልጆቹስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤና ነኝ፤ ቤቱ ግን ጭር ብሎብኛል። ነፋሱ ሲዞር የሱር ወንድ ሁሉ ተምሩን ጭኖ ወደናንተ ወረደ። የማወራው ሰው አጥቼ ከግድግዳ ጋር ቀርቻለሁ።

ባሌ ኸልፋን ስለሠራው አዲሱ መርከብ፣ ስለ ሳምቡኩ ልንገርሽ። አባታችን ሳንቃውን በኮኮናት ገመድ ይሰፋ ነበር፤ ኸልፋን በሚስማር መታው። ልማዱ ግን ያው ነው። መካን ሴት ገና የተጋደመውን፣ መርከቡ የሚቆምበትን ግንድ ከዘለለች ትወልዳለች፤ በምትኩ ከሠሪው ወይ ከመርከቡ አለቃ አንዱ ይሞታል። ስለዚህ ግንዱ ይጠበቃል። ምሳ ይዤ በሄድኩ ቁጥር ጠባቂው ኸሚስ፣ «አንቺ፣ እዚያው ቁሚ! ጥላሽንም ሰብስቢ!» እያለ ሠራተኛውን ያስቅብኝ ነበር። አብሬ ስቄ እመለስና ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ።

አንድ ጁምዓ ኸልፋን፣ «ተነስ ሽማግሌው፣ ዛሬ እንኳ መስጊድ ግባ፤ ግንዱን ማን ይሰርቀዋል?» ብሎ ኸሚስን ይዞት ሄደ። ለኔ ፊቱን አዙሮ፣ «ምሳውን ግንዱ ጋ አድርጊልኝ፤ ማንም የለም» አለኝ። እታለሜ፣ ወዲያው ገባኝ። ነፍሱን ነበር የሰጠኝ።

መርከቡ አልቆ የሻርክ ዘይት ሲቀባ ሽታው አስመለሰኝ። ኸልፋን ከት ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ዘይቱን አስቀምጦ ከመርከቡ ጎን ተቀመጠ። መርከብ መሥራት እንጂ ባሕር መውጣት የማይወድ ሰው፣ በዚህኛው አናጢ ሆኜ ካልሄድኩ አለ። ብለምነው፣ «ሞት ከፈለገኝ እቤትሽ አይምጣብሽ» አለኝ። ሲሳፈርም፣ «ወንድ ከሆነ በአባቴ ስም ጥሪው» ብሎኝ ሄደ። እዚያው እናንተ ጋ ሊቀር እንዳሰበ የነገረኝ ኸሚስ ነው። እሱም አሁን አይቀልድብኝም።

ይህን በመጨረሻው መርከብ ልኬልሻለሁ። እባክሽ ወደብ ወርደሽ ፈልጊው። አልዘለለችም በዪው። ምሳውን አስቀምጣ በመጣችበት ተመለሰች በዪው። ልጁን አላህ እንዲሁ ነው የሰጠን፤ ማንም አይሞትበትም በዪው። ነፋሱ ሲመለስ አብሮ ይምጣልኝ። እናት መሆን እፈልግ ነበር፤ ያለሱ ግን አልችልም።

በአላህ ስም ማዪልኝ ካለሽ ማዪለት። አንቺ የነገርኩሽን ነው የምትናገሪው፤ ኃጢአቱ በኔ ይሁን።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

ታናሽ እህትሽ፣ ከሱር