ለእማዬ የሚሆን ታብሌት

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ዝናብ። ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ቤት ዋልኩ። ልብስ አጥቤ ሳሎን ውስጥ አሰጣሁ፤ ቤቱ ሁሉ እርጥብ እርጥብ ይሸታል።

ከሰዓት ወንድሜ ሆሴዕ ከደቡብ አፍሪካ ደወለ። እንደ ሁልጊዜው ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። ጆሮዋ መስማት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆነ፤ ግን "ሆሴዕ ነው" ካልኳት ትቀበልና ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። "እሺ ልጄ... እሺ... አሜን።" እሱ ምን እንዳለ ሳታውቅ። ዛሬ "እማዬ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?" ሲላት ይሰማኛል። "አዎ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለችው።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ።

ከእኛ ጋር እኮ ስታወራ አትቸገርም። አፋችንን እያየች ትረዳናለች። ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለን ቀስ ብለን ካወራን፣ በሀዲይሳም ይሁን በአማርኛ፣ ብዙም አያመልጣትም። ስልክ ግን አፍ የለው። በቪዲዮ እንዳይሆን የኔ ስልክ መዳፍ አያክልም፤ ያውም የተሰነጠቀ። ለሷ ዓይን ምን ይታያል?

ታብሌት ቢኖርስ...?

ነሐሴ 11፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬ ደጅ ላይ ቆም አለች። ጫማዋን ከጭቃው እያላቀቀች፣ ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "የሆሴዕ ድምፅ እየጠፋኝ ነው" አለች።

"እንዴት?"

"ሲስቅ ትዝ ይለኛል። ሲያወራ ግን... እፈልገዋለሁ፣ አይመጣም።"

ክንዷን ይዤ አስገባኋት።

ገጠር፣ መንደራችን ሆመቾ እያለን እንዴት ነበር። እሱ እንደሄደ ሰሞን ኔትዎርክ የሚገኘው ከቤታችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ነበር። እሁድ እሁድ ይደውላል። እማዬ እግሯን ታጥባ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ ትወጣለች። "ለስልክ ማን ያይሻል?" እያልኩ እስቅባት ነበር። "ድምፁን ስሰማ የሚያየኝ ይመስለኛል" ትለኛለች። ስልኩን በሁለት እጇ ነበር የምትይዘው፣ እንደ ጫጩት። ከመናገሩ በፊት ሆሴዕ ያፏጫል፤ ጥጆቹን ሲጠራ እንደሚያፏጨው። እሷ ደግሞ እዚያ ጉብታ ላይ ቆማ እንደ ልጅ ትፍለቀለቃለች... አብረዋት የወጡት ጎረቤቶች ሁሉ ተራ ይጠብቃሉ። ለካ ጥሩ ጊዜ ነበር። ያኔ ችግር መስሎኝ ነበር።

እገዛላታለሁ። ወሰንኩ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ለሆሴዕ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።

"ርካሹን ግዢ። ይበቃታል" አለኝ፣ ፈጠን ብሎ።

"ገና ዋጋውን መች ጠየቅኩ?"

"ምን ታደርግበታለች ብለሽ ነው ገኒ? የእናንተም ኔትዎርክ ውዱን አይችልም። ርካሹን ግዢ።"

ይሄ ሆሴዕ ነው? ለእማዬ ሹራብ ሲልክ ከሱቁ ሁሉ ውዱን የሚመርጠው? "ለሷ ርካሽ ነገር አልገዛም" ይል የነበረው? ገንዘብ ቸግሮት ይሆን እንዴ... እዚያ የከፈተው ሱቅ ከተዘረፈ ወዲህ ብዙ ነገሩ ተለውጧል። ካሜራውንም ከፍቶ አያውቅም፤ "ተበላሽቷል" ይላል። ንግግሩም ኮልተፍ ብሏል። ጥርሴን ተነቅዬ ነው ብሎኛል።

ማታ ሚክያስን አማከርኩት። ባሌ ነገር አያበዛም። "ሱቅ ሄደሽ እያቸው መጀመሪያ" አለ።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ፈትሁዲን ሱቅ ሄድኩ። ያኔ ስልኬንም የገዛሁት ከሱ ነው።

ሁለት አወጣልኝ። አንዱ አነስ ያለ፣ ጀርባው ፕላስቲክ። ሁለተኛው ሰፊ፣ ቀጭን፣ ብርሃኑ ደስ የሚል። ዋጋው የመጀመሪያውን እጥፍ አልፏል።

"ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርሽ?" አለኝ። "ለዜና፣ ለመዝሙር፣ ለልጆች ጌም ከሆነ ርካሹ ይበቃሻል። ብርሽን አታቃጥይ። ለማን ነው?"

ነገርኩት። ስለ ጆሮዋ፣ አፍ እያየች እንደምትሰማ። ከዚያ ሁለቱንም ወደ ውስጥ መለሳቸው።

"ዛሬ አልሸጥልሽም። እማማን ይዘሻቸው ነይ።"

ባዶ እጄን መጣሁ። ሚክያስ ስቆ "እንዲህ ያለ ነጋዴ እንዴት ይኖራል?" አለ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

እማዬን በባጃጅ ወሰድኳት። ሐኪም ቤት የምንሄድ መስሏት ጉልበቷን ስትነግረኝ ነበር መንገዱን ሙሉ።

ፈትሁዲን በርጩማ አቀረበላት። የሚስቱን የኢልሃምን ስልክ አስተካከለና ወደ ኋላ፣ ወደ ዕቃ ቤቱ ላካት፤ ከዚያ ሆና በቪዲዮ እንድትደውል። ድምፁን ዘጋው። "ለሳቸው ያው ነው፤ እኛ እንዳናግዛቸው ነው" አለኝ።

መጀመሪያ በርካሹ። ኢልሃም መጣች። ፊቷ አለ፣ ሻሿ አለ፣ አፏ ግን... ቀለም እንደፈሰሰበት ነገር። ስትናገር ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል። እማዬ አጎነበሰች። ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች።

"ማን አገባ?" አለች።

ቀጥሎ በውዱ። ያቺው ኢልሃም፣ ያንኑ ነገር ደግማ ተናገረች። እማዬ ወዲያው ቀና አለች።

"እጠጣለሁ። ስኳር ግን አታብዢብኝ።"

ከዕቃ ቤቱ ውስጥ የኢልሃም ሳቅ እስከ መንገድ ተሰማ። ለካ በሀዲይሳ "ሻይ ይጠጣሉ?" ነው ያለቻት። እማዬ ግን አልሳቀችም። ታብሌቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደኔ ዞረች።

"በዚህ ሆሴዕን አየዋለሁ?"

ሌላ ምን ይመረጣል?

ለሶፋ ያስቀመጥነው ብር ነበር፤ ለሚክያስ ደወልኩለት። "ግዢው። ሶፋ አያወራም" አለኝ። እግዜር ይስጠው።

ነሐሴ 18፣ እሁድ

ውዱን እንደገዛሁ ለሆሴዕ ጻፍኩለት። አንብቦታል። መልስ የለም።

ነሐሴ 25፣ እሁድ

እማዬ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች። ጸጉሯን ተቀባች። ታብሌቱን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌላት ቁጭ አለች። ደወልን፤ አነሳ። ስክሪኑ ላይ ግን ክብ ነገር፣ መሃሉ ላይ አንድ ፊደል ብቻ። ሆ።

"ልጄ ይሄ ነው?" አለች።

"ሆሴዕ፣ ካሜራውን ክፈተው እንጂ!"

"አልኩሽ እኮ ገኒ፣ ተበላሽቷል።"

"እየጠበቀችህ ነው።"

ሲተነፍስ ይሰማኛል። እማዬ ፊደሏን እያየች ጠበቀች... ጠበቀች... ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን ልትቀይር ገባች።

ተናደድኩ። እሷ ምን አደረገችው?

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ

ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ደወለ።

"ብቻሽን ነሽ?"

"ገበያ ነኝ። ምነው?"

"ሚያዝያ ላይ ሱቄን ዘርፈውኛል አላልኩሽም?"

"ብለኸኛል።"

"እንደመቱኝ ግን አልነገርኩሽም።"

ሽንኩርቱን አስቀመጥኩ። በብረት ነው የመቱት። መንጋጋው ተሰብሮ ነበር፤ አጥንቱ ድኗል። የግራ ፊቱ ግን አይታዘዝለትም። አፉ ወደ አንድ ጎን ተጎትቷል። የጥርስ ነው ያለኝ ውሸት ነበር። ስንት ወር ብቻውን...

"ርካሹን ግዢ ያልኩሽ ለዛ ነው" አለኝ። "ብዥ ካለ አታውቅብኝም ብዬ። የምታውቀው የድሮ ፊቴን ነው ገኒ። እሱው ይቅርላት።"

መንገድ ላይ አለቀስኩ። ሰው ያየኛል፣ ግድ አልሰጠኝም።

"ስማኝ" አልኩት። "እኔ ድምፅህን እሰማለሁ፤ ስለዚህ ወንድም አለኝ። እሷ አትሰማህም። ፊትህን ከደበቅክባት ምን ይቀራታል? ፊደል?"

ስልኩን ሳይዘጋ ቆየ። ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተመለስኩ።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

ለአዲስ ዓመት ደወለ። ካሜራ የለም። እማዬም ቀሚስ አልቀየረችም።

መስከረም 4፣ እሁድ

ከፈተው።

አላስጠነቀቀንም። ክቧ ጠፍታ ፊቱ መጣ። ወፍሯል። ጢሙን አሳድጓል፣ ለመሸፈን ነው መሰለኝ፤ አይሸፍንም። ግራ ጉንጩ ወርዷል። ሲናገር አፉ በቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚሄደው። ነገሩን የማውቀው እኔ እንኳ ደንግጬ ወንበሩን ያዝኩ።

እማዬ ጣቷን ዘርግታ ጉንጩን ነካችው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ለካ መዝጊያውን ነክታዋለች። "አጠፋሁት? አጠፋሁት እንዴ?" እያለች ተነሳች። ቶሎ መልሼ ደወልኩ።

ሲመጣ እያለቀሰ ነበር። የሆነ ነገር አላት።

"ምን አለ?" አለች ወደኔ ዞራ። አፉን ማንበብ አልቻለችም! በዚህ ሁሉ ጥራት፣ ፊቱ ላይ እያንዳንዱ ጸጉር እየታየ... አልገባትም። አፉ ሌላ አፍ ሆኖባታል።

ሁሉንም ነገርኳት። ማን እንደመታው፣ መቼ፣ ለምን እንደደበቀ። ፊቷን ከኔ አፍ ሳታነሳ አዳመጠች። ስጨርስ ታብሌቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

እኔማ ታለቅሳለች ብዬ ነበር።

"ሆሴዕ" አለችው። "ጨለማ ውስጥ አትቀመጥ። ወደ መስኮቱ ዙር፤ በደንብ ልይህ።"

ዞረ። ትልቅ ሰውዬ፣ እንደ ተማሪ፣ ወንበሩን እየጎተተ ወደ መስኮቱ ዞረ።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ

መስቀል። እማዬ አተካና፣ በቅቤ የራሰውን የቡላ ገንፎ፣ ሠራች፤ ቅቤው እስከ ጎረቤት ሸተተ። ለሆሴዕ በታብሌቱ አሳየችው። "ይሄ በደል ነው" አለ እሱ፣ ምራቁን እየዋጠ። እኔ ተረጎምኩላት።

አሁንም አብዛኛው አይገባትም። ግን ዘዴ አግኝታለች። የራሷ ዘዴ ነው፤ ማንም አልነገራትም።

"የማላውቀውን አታውራኝ" አለችው። "የማውቀውን ንገረኝ። ከመኪና መንገዱ ጀምረህ እስከ ምንጩ ያሉትን ቤቶች ጥራልኝ።"

የሆመቾን ቤቶች ነው። ጀመረ። የአባባ ሎምባሞ። የእትዬ ኤርጎጌ። ባለ ትልቁ ዋርካ ቤት። የወንጌላዊው። እያንዳንዱን ስም ሲጠራ እማዬ አፏን አብራ ታንቀሳቅሳለች፤ ያ የተጣመመ አፍ "ሎምባሞ" ሲል ምን እንደሚመስል እየያዘች። አንድ ቤት ሲዘል ወዲያው አወቀች።

"የመምህር ኤርሲዶን ዘለልክ!"

እኔም አብሬ ወረድኩ በሐሳቤ። ያ ቀይ አፈር፣ በሁለቱም በኩል እንሰት፣ ጠዋት ከየጣሪያው የሚወጣው ጭስ... ውሃ ቀድተን ስንመለስ የእትዬ ኤርጎጌ ውሻ እስከ አጥሩ ይሸኘን ነበር። ሆሴዕ የሚጠራው ሲሄድ የተወውን መንደር ነው። አባባ ሎምባሞ ካረፉ ስንት ጊዜ ሆነ። እትዬ ኤርጎጌ ልጃቸው ጋ አዲስ አበባ ናቸው። የወንጌላዊው ቤት ፈርሷል። አልነገርነውም። እማዬም አላረመችውም። ምንጩ እስኪደርሱ ሁሉም በየቤታቸው ነበሩ።

ጥቅምት 2፣ እሁድ

አሁን በየቀኑ ይደውላል፣ ሱቁን ሲዘጋ። ሚክያስ "ታብሌቱን ለትምህርት ዝግጅትም እጠቀምበታለሁ ብለሽ አልነበር?" ይለኛል። ማን ያስነካኛል!

ሐኪም የፊት እንቅስቃሴ አዞታል፤ ጉንጩን እየነፋ፣ ከንፈሩን እየሰበሰበ። ብቻውን ሲሆን ያፍር ነበር አሉ። አሁን ከሷ ጋር ይሠራል። ሁለቱም ጉንጫቸውን ነፍተው ሲተያዩ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

ሆሴዕ ደወለ። እያወራን መሃል ላይ ድምፁ ተቋረጠ። ምስሉ አለ፣ አፉ ይሄዳል፣ ምንም አይሰማም። "ሆሴዕ? አይሰማኝም! ሆሴዕ?" ዘግቼ መልሼ ልደውል እጄን ስሰድ እማዬ እጄን ያዘችው።

"ተይው። እያወራ ነው።"

"ድምፅ የለም እኮ።"

አልሰማችኝም፤ አፌን አላየችም። ዓይኗ እሱ ላይ ነው። አንድ ነገር አለችው፣ መለሰላት። ራሷን ነቀነቀች። ቆይታ ረጅም ነገር ነገረችው፤ እሱም አጎንብሶ አዳመጠ። ከዚያ የሆነ ነገር ሲል እማዬ በሳቅ ፈረሰች። እሱም ሳቀ፣ በዚያ ግማሽ አፉ። አሁን አይደብቀውም።

እኔ መሃላቸው ተቀምጬ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሷ ተርጓሚ የነበርኩት እኔ። ትከሻዋን ነካ አድርጌ አፌን አሳየኋት።

"ምን አለሽ?"

"ቆይ" አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። "ልጨርስ።"

ስትጨርስ እንደገና ጠየቅኋት። ታብሌቱን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች ፈገግ አለች።

"የሁለታችን ወሬ ነው" አለች።