ቀናተኛዋ ምንጣፍ ሠሪ፦ የእትዬ ቋጠሮ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ቋጠሮ ከፋብሪካ ዘበኛ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከወንዙ ማዶ ባለው የጡብ ፋብሪካ ሰፈር በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። መንታ ነበሩ። ወንድማቸው ቀድሟቸው ወጣ፤ ይህንንም እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቅር አላሉትም። «ገፍትሮኝ ነው እንጂ ተራው የኔ ነበር» ይሉ ነበር፣ ወንድማቸው ሽበት ካወጣም በኋላ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ሁልጊዜ ሁለተኛ ይወጡ ነበር። አንደኛ የምትወጣው ልጅ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ስትዛወር «ተገላገልኩ» ብለው ሲቦርቁ፣ በቦታዋ የመጣችው ከእሷም የባሰች ጎበዝ ሆና አረፈችው። ወይ ዕድል!

ከዚያም በአንድ የምንጣፍ ነጋዴ ግቢ ተቀጥረው የሱፍ ክር መቋጠር ጀመሩ። ቋጠሮ የሚለው ስም የወጣላቸው እዚያ ነው። አንዳንዱ ከእጃቸው ሥራ የመጣ ነው ይላል፤ እሳቸው የቋጠሩትን መርፌም አይፈታውም። አንዳንዱ ደግሞ ግንባራቸውን አይቶ ነው ይላል። ቂምም ይቋጥሩ እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል። እሳቸው ግን ስሙን ወደዱት፤ የሌላ ሰው ስም አይደለማ!

በ1970 ዓ.ም. የከባድ መኪና ሾፌር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ትዳሩ ግን እህት ይዞ መጣ። የባለቤታቸው ታናሽ እህት፣ ሰው ሁሉ እትዬ ሳቂታ የሚላቸው፣ እሳቸውም ምንጣፍ ሠሪ ናቸው። ሲስቁ ቤቱ ይሞላል። የእትዬ ቋጠሮ ልጆች እንኳ ሲወድቁ እያለቀሱ የሚሮጡት ወደ አክስታቸው ነበር። ይህ እናትየዋን እንዴት ያንገበግባቸው እንደነበር እኛ መናገር አያስፈልገንም፤ ራሳቸው ሲናገሩት ኖረዋል።

በነጋዴው ግቢ ክሩም የምንጣፍ መሥሪያውም የነጋዴው ስለነበር ደስ ያለውን ይከፍል፣ የከፋው ይሂድ ይል ነበር። በ1989 ዓ.ም. አነስተኛ ብድር የሚሰጥ ተቋም ወደ ሰፈሩ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ተቋሙ ቤት አስይዙ አይልም። አምስት አምስት ሴቶች ተቧድነው አንዷ ለሌላዋ ዋስ ትሆናለች፤ አንዷ መክፈል ካቃታት ሌሎቹ ይሞሉላታል፤ ካልሞሉላት አምስቱም ዳግመኛ አይበደሩም። እትዬ ቋጠሮ ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተስማሙ፤ አምስተኛ ሴት ግን ጠፋች። የቀሩት እትዬ ሳቂታ ብቻ ነበሩ። «ለእሷ ዋስ ከምሆን...» ብለው ጀመሩ፤ ነገር ግን የራሳቸው የምንጣፍ መሥሪያ እንዲኖራቸው ጓጉተው ስለነበር ንግግሩን ሳይጨርሱ ፈረሙ።

ሴቶቹ በብድሩ መሥሪያና ክር ገዙ፤ አሮጌ መጋዘን ተከራይተውም የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ብዙ ሳይቆይ በፍትሐዊ ንግድ የሚገዙ የውጭ ደንበኞች መጡ። እነዚህ ዋጋውን አስቀድመው ይዋዋላሉ፤ ገሚሱን ሥራው ሳይጀመር ይከፍላሉ፤ ለማኅበሩ የጋራ ጉዳይ የሚውልም ከላይ ይጨምራሉ። በጭማሪው የሕፃናት ማቆያ ተሠራ፤ የሱፍ ማቅለሚያው ውሃም ሳይጣራ ወንዝ መግባቱ ቀረ። እትዬ ቋጠሮም ጥሪት ቋጥረው ልጆቻቸውን ኮሌጅ አስገቡ።

ታዲያ ደንበኞቹ በየምንጣፉ ላይ የሚንጠለጠል፣ የሠሪዋ ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ማሳተም ፈለጉ። ፎቶ አንሺው መጥቶ ከምንጣፉ ሁሉ የእትዬ ቋጠሮን መረጠ፤ ከፊቱ ሁሉ ግን የእትዬ ሳቂታን። ምንጣፉን አስይዞ አነሳቸው። እንዲህ ሆኖ የእትዬ ቋጠሮ ሥራ በእትዬ ሳቂታ ሳቅ ባሕር ተሻገረ። እትዬ ቋጠሮ በቅናት አረሩ። «እኔ ልቋጥር፣ እሷ ልትገለፍጥ?» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፦ የገዛ ፊታቸው ብቻውን፣ ማንም ሳይጠጋው፣ ታትሞ እንዲወጣ።

በ1998 ዓ.ም. እትዬ ሳቂታ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው በጄሶ ታሰረ። ትልቅ ትዕዛዝ ተቀብለው ቅድሚያ ክፍያውንም ወስደው ነበር። ምንጣፉን ካላስረከቡ ብድራቸውን አይከፍሉም፤ እሳቸው ካልከፈሉ ደግሞ አምስቱም ይወድቃሉ። እትዬ ቋጠሮ ሌሎቹን አላስጠጉም፤ ብቻቸውን ተቀምጠው ሠርተው ጨረሱት። ደግነት ነው ያላቸውን ሰው ግን ተቆጡ። «ወድቃ ሰው ሲያዝንላት ልይ? ሐዘኔታውንም እሷው ትውሰደው?» ነበር ያሉት። ምንጣፉ በእትዬ ሳቂታ ስም ሄደ፤ ደንበኞቹም እንዲህ ያለ ሥራ አይተን አናውቅም ብለው ለእትዬ ሳቂታ ሽልማት ላኩ።

እትዬ ሳቂታ በጠቅላላ ጉባኤው ተነሥተው «ይህ የኔ አይደለም፤ የሠራችው እሷ ናት» ብለው ሽልማቱን አስረከቡ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሰው ሁሉ ለእትዬ ሳቂታ ሐቀኝነት አጨበጨበ። እትዬ ቋጠሮ ሽልማታቸውን ታቅፈው ሲወጡ «አሁን ይቺን ሴት በምን ልቅደማት?» ሲሉ ተሰምተዋል።

የእትዬ ቋጠሮ ባለቤት ካረፉ በኋላ እትዬ ሳቂታ ጠቅልለው ወደ እሳቸው ቤት ገቡ። ባለፈው ዓመት እትዬ ቋጠሮ በኩላሊት ሕመም ሲተኙም ያስታመሟቸው እሳቸው ናቸው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር አስታማሚዋን አመስግኖ ይሄዳል። «የታመምኩት እኮ እኔ ነኝ!» ይሉ ነበር በሽተኛዋ። ሆኖም እትዬ ሳቂታ ጉንፋን ይዟቸው ሌላ ክፍል በተኙበት ቀን፣ እትዬ ቋጠሮ ከማንም እጅ መድኃኒት አልወስድም ብለው በሩን በሩን ሲያዩ ዋሉ። ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ በዚህኛው እንኳ እሳቸው የቀደሙት መንታ ወንድማቸውና እትዬ ሳቂታ ከሐዘን ጋር ቀርተዋል።

ለዚህ ጽሑፍ ሽፋን ብቻቸውን የተነሡት ፎቶግራፍ ቢፈለግ ጠፋ፤ የተገኘው ከእትዬ ሳቂታ ጋር የተነሡት ብቻ ነው። እትዬ ሳቂታ «እኔን ቁረጡኝና ለብቻዋ ትውጣ፤ ደስ ይላታል» አሉ። ተቆረጡ። እጃቸው ግን የእትዬ ቋጠሮን አንገት አቅፎ ስለነበር እሱን ማውጣት አልተቻለም። እትዬ ቋጠሮ በፎቶው ላይ፣ ቤተሰቡ እስከሚያውቀው ድረስ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ግንባራቸውን ፈትተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከፊተኛው ረድፍ ያስቀምጥልን፤ ለቤተሰባቸው፣ ይልቁንም ለእትዬ ሳቂታ፣ መጽናናትን ይስጥ።